የረጠበው ድልዝ

እኔ እንደሁ አፌ ከልቤ ይቀድማል። እናቴ ስንቴ መክራኛለች፣ መቼ ሰምቼ።

ዘንድሮ በርበሬ ራሴ ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ። የማረቆ ዛላ ነው፤ ብዙም አያቃጥልም፣ ቁሌት ውስጥ ሲገባ ግን ቀለሙ ብቻውን ያስበላል። ቡራዩ የተከራየሁበት ግቢ ያሉት ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው ቀነጠሱልኝ። ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር አብራኝ የደለዘችው ግን ጎረቤቴ ፈቲያ ነች፤ ያውም ወገቧን እያመማት።

ባለፈው ሰኞ ድልዙን ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አስጥቼ ሥራ ሄድኩ። አመሻሹ ላይ ስመለስ ግማሹ የለም። የዓመት በርበሬዬ ነው እኮ። ደሜ ፈላ። ፈቲያ በሯ ላይ ቆማለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል።

«ከወሰድሽ አይቀር ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት።

የአከራያችን የኦቦ ኢቲቻ ልጅ ላሊሴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ አየችን።

ፈቲያ በሯን ከፍታ «ግቢ» አለችኝ። ፍራሿ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል። ወለሉ ላይ የራሷ አንሶላ ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ የኔ በርበሬ ተሰጥቷል። ቤቱ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም።

«የውሃው ሮቶ ሞልቶ ፈሰሰበት» አለች። «የረጠበው እንዳይሻግት ብዬ ነው። ደውዬልሽ ነበር።»

ስልኬን አወጣሁ። ስብሰባ ስገባ ድምፁን እንዳጠፋሁት ነው። ደጋግማ ደውላለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። ይቅርታ ስጠይቃት «ችግር የለም» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ትለኛለች፣ ቤቴ ግን አትገባም። ጨው ሲያልቅባት ሳታንኳኳ ገብታ የምትወስድ ሴት ነበረች። አፍሬ መድረሻ አጣሁ።

ዛሬ በርበሬውን አስፈጭቼ ከወፍጮ ቤት እንደመጣሁ፣ ለራሴ ወጥ እንኳ ሳልሠራበት፣ በትልቁ ሳህን ሞልቼ ወሰድኩላት።

«ምን አስቸገረሽ» አለች። እጇን ግን አልዘረጋችም። ወደ ግቢው ዞራ ላሊሴን ጠራቻት።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» እያለች ላሊሴ መጣች።

«ምንም አልሆነም። እዪልኝ ብዬ ነው» አለቻት ፈቲያ። «እሷ ራሷ ናት የሰጠችኝ።»

ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ አመሰገነችኝም።