የክፍል ሁለት አስተርጓሚ

ልብስ ሰፊው ያንን ፊልም በሕይወቱ ዳግመኛ እንደማያየው እርግጠኛ ነበር። የካሴት ማጫወቻው ከተበላሸ ሃያ ዓመት አልፎታል። ካሴቱንም የሱቁን ጓዳ ሲያጸዳ በገዛ እጁ አውጥቶ ጥሎታል። ስለዚህ እሑድ ከምሳ በኋላ ሴት ልጁ ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታገናኝ ምንም አልጠረጠረም።

«አባዬ፣ ምን እንዳገኘሁ ገምት! የወንበዴዎቹ ፊልም! ክፍል ሁለት! ያውም ከሥሩ በእኛው ቋንቋ ተጽፎበታል።»

እጁ ሳያዝዘው ወደ መነጽሩ ሄደና ከአፍንጫው አውልቆ ኪሱ ከተተው።

«ውይ፣ መነጽሬን ሱቅ ረስቼዋለሁ። በቃ ሌላ ቀን እናየዋለን።»

«ግድ የለህም፣ እኔ አነብልሃለሁ» አለች። መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስታነብ ብትውል አይደክማትም። ታላቅ ወንድሟ ጠበቃው ደግሞ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተመቻችቷል። እናታቸው ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ መጣችና ከባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። ማምለጫ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ፣ ቤታቸው ከሱቁ ኋላ ያለች አንዲት ክፍል ሳለች፣ በቤቱ ውስጥ የነበረው ፊልም ያ ብቻ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ግን አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ስድስት ወር ልብስ ሰፍቶ ስለነበር «እኔ እተረጉምላችኋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። የሚያውቃቸው ቃላት አርባ ቢሆኑ ነው፤ እነሱም «አሳጥረው»፣ «ወገቡን አጥብበው»፣ «ኪሱ የት አለ» የሚሉ ዓይነት ናቸው። በነዚያ አርባ ቃላት የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ተረጎመ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሰማው። ክፍል አንድን ያየ ሰው ስላልነበረ እሱንም ከራሱ አምጥቶ ተርኮላቸዋል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቸግሮ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ ወጣት ሾፌር አለ። ለድመቶች ወተት የሚያጠጣ፣ ፈገግታው የሚያምር፣ የወንበዴዎቹ አለቃ አብሮ አደግ። ሴት ልጁ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነች፤ ሾፌሩን ወደደችው። ወደ መጨረሻው ግን አለቃው ባቡር ጣቢያ ወስዶ ይገድለዋል። ልብስ ሰፊው ይህን ብቻውን ሆኖ አስቀድሞ አይቷል። እዚያች ቦታ ሲደርሱ «ካሴቱ እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ብሎ ድምፁን ዘግቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቆምና ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ባቡር ሲሄድ ይታያል። «አያችሁ? ሾፌሩ ሕክምና ሊማር ሄደ» አላቸው።

ልጅቷ በየሳምንቱ ስለ ሾፌሩ ትጠይቀው ጀመር። ምን ያድርግ? «ሁለተኛ ዓመት ገባ» ይላታል። አንድ ጊዜ ሥራ በዝቶበት ተናዶ «ፈተና ወደቀ» ቢላት እራት አልበላም ብላ አለቀሰች። በማግስቱ የፈተናው ወረቀት እንደገና ታርሞ ሾፌሩ አለፈ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጉድ ዛሬ ሊፈላ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ እንደምንም አለፈ። ሴት ልጁ እያነበበች አንዳንድ ጊዜ ወደ አባቷ ዞር ትላለች።

«አባዬ፣ ይቺ ሴትዮ አክስቱ ናት አላልከንም ነበር?»

«ናት እንጂ።»

«አሁን እኮ ሳመችው።»

«ደግ አክስት ናት» አለ ጠበቃው፤ እናታቸው ከሹራቧ ቀና ሳትል ፈገግ አለች።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ መጣ። ጠበቃው ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ይህን ቦታ በቃሉ ያውቀዋል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ረጅሙ ጠበቃ ከዳኛው ፊት ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በአባቱ ትርጉም «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው ያጠፋውን ስንመዝን፣ ሊያለማ ፈልጎ ያቃተውንም አብረን እንመዝንለት!» ይላል። ልጁ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ይህን ሰምቶ ነው ጠበቃ እሆናለሁ ያለው። ሆነም። በተመረቀ ቀንም ይህንኑ ተናግሮ ሰው ሁሉ አጨብጭቦለታል።

ረጅሙ ጠበቃ እጁን ዘረጋ። ሴት ልጁ አነበበች።

«ክቡር ዳኛ፣ ምስክራችን ሆዱን ስላመመው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይሰጠን።»

ወንድሟ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

«ቀጥይ» አለ ጠበቃው።

«ዳኛው፣ ሐሙስ ይመቻችኋል ወይ? ጠበቃው፣ ሐሙስ ሌላ ጉዳይ አለብኝ። ዳኛው፣ አርብስ?»

«ቀጠሮ ነው የጠየቀው?» ጠበቃው ድምፁ ቀጠነ። «አባዬ! እኔ በዚህ ንግግር ነው እኮ ሕግ የተማርኩት!»

«ታዲያ ምን ተጎዳህ?» አለች እህቱ። «አንተስ ዘንድሮ ቀጠሮ ከመጠየቅ በቀር ምን ሠራህ?»

እናታቸው ሹራቧን ጭኗ ላይ ጣለችና ወገቧን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊው ፊቱ ቀላ። ጥርሱን ነክሶ ቢቆይም በመጨረሻ እሱም አልቻለም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው ለካ ያን ሁሉ ያወራኸው» አለችው ሚስቱ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«በሁለተኛው ሳምንት። ሙሽራዋ ስታለቅስ ‹ኪሱ የት አለ፣ ኪሱ የት አለ› እያልክ ስትተረጉም።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እጅህ መርፌ ይዞ፣ አፍህ እንደዚያ ሲያወራ ደስ ትለኝ ነበራ» አለችና ሹራቧን መልሳ አነሣች።

ጠበቃው ግን አኩርፏል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል ቀጠለ።

ባቡር ጣቢያው ሲደርስ ልብስ ሰፊው ሳያስበው ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች ልጁ ለስለስ ብላ። «ይሄ ካሴት አይደለም፤ አይበላሽም።»

ተቀመጠ። አለቃውና ሾፌሩ ባዶው መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። አለቃው ቆመ። አንድ ነገር ተናገረ። ከሥሩም ተጻፈ፤ ለልብስ ሰፊው ግን ነጭ ጭጋግ ነው። ሴት ልጁ ትንሽ ዘገየች፣ ከዚያ አነበበች።

«ሂድ ወንድሜ፣ በደንብ ተማር፣ በርታ፣ ከተማዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሹራብ ልበስ፣ ደብዳቤም ጻፍልኝ።»

ተኩሱ ተሰማ። ጠበቃው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ወደ እህቱ አየ።

ልብስ ሰፊው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አልሆነም» አለ። «የሰውዬው አፍ የተከፈተው ሁለት ጊዜ ነው። አንቺ ሙሉ ደብዳቤ አነበብሽበት። እኔ ስዋሽ ቢያንስ ልክ እለካ ነበር! አፉ አጭር ከሆነ አጭር፣ ረጅም ከሆነ ረጅም። ይሄ ጉልበቱ ላይ የደረሰ እጅጌ ነው።»

ልጅቷ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«መነጽርህን ከኪስህ አውጣና ራስህ አንብበው» አለች ሚስቱ።

ልብስ ሰፊው ኪሱን ዳበሰ። አውጥቶ አደረገው። ልጁ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችለት። ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ዓይንህን ጨፍን» ነው የሚለው። ሁለት ቃል።

ያን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየው አያውቅም፤ ሾፌሩ የሰማውን የመጨረሻ ቃል ግን ገና አሁን ሰማ። አንጀቱን በላው።

«ያኔ ብታውቀው ኖሮ ትነግረን ነበር?» አለ ጠበቃው። ኩርፊያውን ረስቶታል።

«ለእሷ? በአምስት ዓመቷ?» ልብስ ሰፊው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። «ሐኪም ቢያንስባት ፕሮፌሰር አደርገው ነበር።»

የቀረውን ያለ አንባቢ አዩት። ልብስ ሰፊው አሁን ጽሑፉን ይከተላል፤ ዕዳውን እንደሚቆጥር ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዳንዴም «እንዴ! እንዲህ ነው ለካ!» እያለ። መሀል ላይ ሚስቱ ማን ማንን እንደከዳ ብትጠይቀው «ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው» ብሎ ገሠጻት።

ሲያልቅ ጠበቃው ጫማውን አጥልቆ ለመሄድ ተነሣ። ነገ ጠዋት ችሎት አለው። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ያዘውና ኮቱን ከኋላ አየለት።

«ማን ነው ይህን የሰፋው?»

«ተገዝቶ ነው አባዬ።»

«አውልቅ። ትከሻው ወርዷል። በዚህ ኮት ዳኛ ፊት አትቆምም።»

ጠበቃው ሰዓቱን አየና ኮቱን አወለቀ። እህቱ መብራቱን አበራችላቸው፤ እናታቸውም መርፌና ክር ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተች።