የገለኔ ዝውውር

ዘርፈሽ መቱ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ወለል ስትወለውል ያረጀች ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ አለመቁጠሯንም ከማንም ደብቃ አታውቅም። «ወለሉ አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም» ትል ነበር፣ አንድ ለአምስት የሚሉት ነገር እስኪመጣ ድረስ።

አንድ ለአምስቱ የጽዳት ሠራተኞቹን በቡድን ከፋፍሎ፣ እርስ በርስ ተማማሩ አለ። የእነ ዘርፈሽ መሪ ገለኔ ሆነች። ገለኔ ልጇን ኡካ ከተማ ባለችው እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች ወጣት ናት። ልጁ አልፎ አልፎ ሲያያት «አክስቴ» ማለት ጀምሯል። ወደ ኡካ ልዛወር ብላ ስታመለክት ኃላፊው ፋሲል፣ «መሪ የሚለቀቀው ቡድኑ በሙሉ ግምገማውን ሲያልፍ ነው፤ መመሪያ ነው» አላት።

ሌሎቹ አለፉ። የቀረችው ዘርፈሽ ናት። የበረኪናውን፣ የአልኮሉንና የሳሙናውን ጽሑፍ አንብባ መለየት ነበረባት።

«እትዬ፣ ይቺ ‹በ› ናት።»

«ትናንት ሌላ ነበረች።»

«ትናንትም ‹በ› ነበረች!»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነክቷት ነው እግሯ የተቆለመመው?»

ገለኔ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ኋላ ሳቋ ጠፋ። ሲጨንቃት በክዳን አስጠናቻት፤ ሰማያዊው በረኪና፣ ነጩ አልኮል፣ ቢጫው ሳሙና።

የግምገማው ቀን ፋሲል ከመጋዘን አዲስ ጠርሙሶች አመጣ። ክዳናቸው ሁሉ ቀይ ነው።

«ክፈትልኝና ላሽትት» አለች ዘርፈሽ።

«ማሽተት መመሪያው ላይ የለም፣ እትዬ። ያንብቡት።»

በግምት አንዱን ጠቆመች። ፋሲል «አይደለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ማል ጎና፣ እትዬ?» አለች ገለኔ ሲወጡ። ምን እናድርግ ማለቷ ነው። አለመቆጣቷ ዘርፈሽን አንጀቷን በላት።

በማግስቱ ዘርፈሽ ለማንም ሳትናገር ፋሲል ቢሮ ገባች።

«ሥራ ለቅቄያለሁ። ጻፍና ጣቴን ላሳርፍበት።»

«እትዬ፣ ጡረታዎ እኮ አልደረሰም! ትንሽ ያስቡበት።»

«አንተ አስብበት። እኔ ጨርሻለሁ።»

አተመች። ቀለሙን በቀሚሷ ጠርጋ ግቢው በር ላይ ገለኔን ጠራቻት።

«በይ ሂጂ፣ ልጅሽን እቀፊ። እንቅፋትሽ ወጥታለች።»

ገለኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻትና ወደ ቢሮ ሮጠች። ስትመለስ ግን እግሯን እየጎተተች ነበር።

«ቡድኑ ሰው ጎደለው አለኝ። በእርስዎ ቦታ አዲስ ይቀጠራል። እሷ ተቀጥራ፣ ሠልጥና፣ ተገምግማ እስክታልፍ መሪ አይለቀቅም።»

ዘርፈሽ እንደ እብድ ተመልሳ ቢሮ ገባች።

«ጣቴን መልስልኝ!»

«ወረቀቱ አሁን በወጣው መኪና ወደ ወረዳ ሄዷል፣ እትዬ።»

«አስመልሰው!»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አለ ፋሲል። አንገቱን ደፋ።

ዘርፈሽ ስድቧን አዘጋጅታ ነበር። አንገቱን የደፋ ሰው ምን ተብሎ ይሰደባል? መመሪያውን እንዳትሰድበው ፊት የለው።

ወጣች። ገለኔ በሩ ላይ ቆማ መልሱን ከዘርፈሽ ፊት ላይ አነበበች። ሰው እስኪቀጠር ድረስ የዘርፈሽ ወለል የእሷ ነውና ባልዲውን አንስታ ገባች።