አራት ይበቃናል

ታየች ዝርዝሩን ስትጽፍ የልጇን ስም መጨረሻ ላይ አደረገችው። ትምህርት ቤት መግባት ያቃታቸው ልጆች አሥራ አንድ ናቸው። ሳውዝ ሲ የሚባለውን ሰፈራቸውን ቤት ለቤት ዞራ እናቶቹን ያሰባሰበችው እሷ፣ ወረቀቱን የያዘችው እሷ፣ ሩሐማን ግን አሥራ አንደኛ ጻፈቻት። ማንም አላዘዛትም። የራስን ልጅ ማስቀደም ነውር ነው ብሎ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ወረደ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2003፣ ወሩ ጥር ነበር። አዲሱ የኬንያ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለማንኛውም ልጅ በነፃ ነው ብሎ አውጇል። የሰፈሩ ትምህርት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ የኬንያ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ይላል። እንደነሱ ያለ የስደተኛ ልጅ ያለው ማንዴት የሚሉት የዩኤን የስደተኝነት ወረቀት ብቻ ነው። እናቶቹ ተራ በተራ ለየብቻ ሄደው ነበር፤ ዘበኛው ሁሉንም ከበር መልሷቸዋል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሩሐማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ቤት ውላለች። ይህ ካለፋት ሦስተኛው ነው።

እሑድ ከሰዓት ታየች ሁሉንም ከእናቶቹ በአንዷ፣ በኩለሱም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦርቶዶክሶቹ ጴንጤዎቹ ቤት አይሄዱም፣ ጴንጤዎቹም እንዲሁ። ኩለሱም ሙስሊም ስለሆነች ግን የእሷን ቤት ማንም አልተጠየፈውም። ልጇም ከዝርዝሩ ሰባተኛ ነው።

«ድር ቢያብር...» ብላ አንዷ ልትጀምር ስትል፣

«አንበሳ አልፈለግንም፤ ወንበር ነው የፈለግነው» አለች ታየች። «ሁላችንም ከነልጆቻችን እንሂድ።»

ቤቱ ተንጫጫ። ግርግር ይመስላል ተባለ። ፖሊስ ቢጠራብንስ ተባለ። በስተመጨረሻ እንደተለመደው ሽማግሌ ይላክ ተባለና ጋሼ አድነው ተመረጡ። ጋሼ አድነው አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ግራጫ ኮት አላቸው። ታየች አልወደደችውም፤ ግን ሌሎቹ እጅ ሲያወጡ እሷም አወጣች።

ረቡዕ ጋሼ አድነው ከትምህርት ቤቱ ፈገግ ብለው ተመለሱ። እናቶቹ ያው ሳሎን ውስጥ ይጠብቋቸዋል።

«አራት አስገባሁ!» አሉ። «ዳይሬክተሯ ሚስስ ሙቲሶ ጨዋ ሴት ናት። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹን አራት መዘገበች። ቀጥላ ‹የቀሩትንስ ምን እናድርግ?› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?» አለች ታየች።

«‹ኧረ አራት ይበቃናል፤ አናስቸግርዎ› አልኳታ።»

«ይበቃናል አሉ፣ ጋሼ?»

«ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ! ሰው አንዴ እምቢ ሲል ይለመናል እንጂ ዝም ይባላል እንዴ?»

«ከዚያስ?»

«‹ሳዋ፣ እሺ› ብላ መዝገቡን ዘጋችው።»

ኩለሱም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጋሼ፣ የዚህ አገር ሰው እኮ አልፈልግም ካሉት አይፈልጉም ብሎ ይሄዳል!»

ታየች አልሳቀችም። «ሰባት ልጅ በይሉኝታ ጎዳና ላይ ጣሉ» አለቻቸው፤ ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም። ሴቶቹ አቀረቀሩ።

ጋሼ አድነው ዝርዝሩን ከኪሳቸው አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። «እሺ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ሩሐማን አሥራ አንደኛ ያደረግኳት ግን እኔ ነኝ?»

ታየች ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችውና «ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁላችንም፣ ከነልጆቻችን» አለች። አሁን የተከራከረ የለም።

አንድ ችግር ቀረ። የአራቱ እናቶች ልጆቻቸው ገብተውላቸዋል። ሐሙስ ታየች ከአራቱ አንዷን፣ ዓይናለምን፣ ሱቋ ድረስ ሄዳ አገኘቻት።

«የእኔ ገብቷል እኮ» አለች ዓይናለም። «ኋላ ተናደው ቢያስወጡትስ?»

«ሊሆን ይችላል።»

«እና ምን ልበልሽ?»

«ካልመጣችሁ ሰባት ለማኝ እንሆናለን። ከመጣችሁ የሰፈሩ ወላጆች ነን። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

ዓይናለም እያጉረመረመች መጣች። ሌሎቹ ሦስቱም መጡ።

ዓርብ ዘበኛው አሥራ አንድ እናትና አሥራ አንድ ልጅ በሰልፍ ሲያይ ማንን እንደሚመልስ ግራ ገባው። የጮኸ የለም። ሚስስ ሙቲሶ ራሷ ወጣች። ታየች ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ ምግብ ቤት ዕቃ እያጠበች በለቀመችው ስዋሂሊ ጀመረች።

«ማዳም፣ ሰባት ልጅ ቀርቶናል።»

«ሽማግሌያችሁ አራት ይበቃናል ብለውኛል።»

«ከጨዋነት ነው። አይበቃንም።»

ዳይሬክተሯ ከእናቶቹ ኋላ ወደ ቆሙት ወደ ጋሼ አድነው ዞረች። «እውነቷን ነው» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

«የልደት ወረቀትስ?»

ታየች የሰባቱን ማንዴት ዘረጋች። «አዋጁ ማንኛውም ልጅ ነው የሚለው።»

«አዋጁን የጻፉት አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሁለት ልጅ አያስተምሩም» አለች ሚስስ ሙቲሶ። «ወንበር የለኝም። መሬት ነው የሚቀመጡት።»

«ይቀመጡ።»

ሴትዮዋ ተነፈሰችና መዝገቡን አስመጣች። ታየች የሩሐማ ስም እስኪጻፍ ዓይኗን ከእስክሪብቶው አላነሳችም። ሩሐማ ስታንዳርድ ስሪ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ገባች፤ ዘወር ብላ እናቷን አላየችም፤ መሬቱ ላይ ጥሩ ቦታ ልትይዝ ሮጠች።

«በሩ ላይ ያለው ወረቀትስ?» አለች ታየች። «ለከርሞ ሌላ እናት መጥታ አንብባው ትመለሳለች።»

«የለጠፍኩት እኔ፣ ያዘዘኝ የትምህርት ቢሮው። እነሱን ጠይቁ። የእናንተንም ልጆች ቢሆን ከቢሮው ደብዳቤ ካላመጣችሁ ከዚህ ተርም አላሳልፋቸውም።»

ከበሩ ውጪ እናቶቹ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። ታየች ለሥራ ሁለት ሰዓት ዘግይታለች።

«ሰኞ ቢሮ እንሄዳለን» አለች። «ማን ማን ይመጣል?»

የእሷን ጨምሮ ስድስት እጅ ወጣ። ጋሼ አድነው ሰባተኛ ሆነው የራሳቸውን ሰቀሉና፣ «የምናገረው ግን እኔ አይደለሁም» አሉ።

«ስድስት እናት ጥሩ ነው» አለች ኩለሱም። «ይመስገን ነው።»

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ መጥቶ ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ታውን! ታውን!» ይጮሃል። ታየች አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ዞረች።

«የቀራችሁት አምስታችሁ» አለች፣ «ሰኞ ምን አላችሁ?»