ጫማ የተደረደረበት ቤት

የሺሀረግ ውጫሌ ውስጥ የታወቀች አረቄ አውጪ ናት። «አረቄ ሳይቀመስ አይሸጥም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ክፋቱ፣ ቀምሳ ቀምሳ የሚሸጠው ማነሱ። ሰከርሽ ያላትን ሰው በቁሙ ትበላዋለች። «እኔ? ጉንፋን ነው የያዘኝ!» ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቀው ሰው እሷን ብቻ አየን።

በልጅ ልጇ ክርስትና ዕለት ግን ጉንፋኑ ጉድ አፈላ። ሕፃኑን አቅፋ እስክስታ ልትወርድ ስትል እግሯ ከዳት። ልጇ ተሾመች ሮጣ ባትነጥቃት ሕፃኑ ምድጃው ላይ ነበር።

በነጋታው የሺሀረግ ስትመጣ ተሾመች በሩን ዘግታ ቆመች።

«እማዬ፣ እፍ በዪብኝ።»

እፍ አለች። ተሾመች ፊቷን አዞረች።

«እስክትተዪው ድረስ ልጄን አታቅፊም። በዓይንሽ እዪው፣ በቃ።»

«ዘጠኝ ወር ተሸክሜሽ ዛሬ እንደ ጋን ታሸቺኛለሽ?»

«ጋንስ ታጥቦ ይታጠናል፣ እማዬ።»

የሺሀረግ ሽታው እንዲጠፋ ሳምንቱን ሙሉ ጤና አዳም እያኘከች ልጇ ቤት ሄደች። ተሾመች የአረቄ አውጪ ልጅ ናት፤ ማንን ልታታልል! የሕፃኑን ልቅሶ ከደጅ እየሰማች ትመለሳለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ መለኪያዋን ታነሳለች። እንዲህ ነው ነገሩ።

በመጨረሻ ጎረቤቷን ዘይቱናን ጠየቀች።

«መጠጥ የተዉ ሰዎች የት ይገኛሉ? ለሰው ነው።»

«ለማን?»

«ለአንድ ጉንፋናም።»

ዘይቱና ሳቋን ዋጠች። «አብሽሪ! ሐይቅ ከተማ፣ ሼህ እንድሪስ ቤት፣ ሐሙስ ሐሙስ ዱአ ይቀመጣሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። ወንድሜ ኑርዬ ወላሂ እዚያ ነው የዳነው። ሁሉም እየተነሳ ነውሩን ያወጣል፣ ከተወ ስንት ቀን እንደሆነው ይናገራል፣ ሌላው አሚን ይላል። የሚስቅ የለም፣ ወሬውም ከደጅ አይወጣም። ከወፍጮው ከፍ ብሎ፣ በሩ ላይ ጫማ የተደረደረበት ቤት ነው።»

የሺሀረግ ሐይቅ መሆኑን ወደደችው። ውጫሌ ላይ ማን ይታያል! ሐሙስ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወፍጮውን እንዳለፈች ጫማ የተደረደረበት በር አገኘች። ከበሩ በላይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። እሷ ፊደል ባትቆጥርም ጫማ መቁጠር አያቅታትም፤ ሃያ ሦስት ጥንድ። የራሷን ሃያ አራተኛ አድርጋ ገባች።

ውስጥ ያሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው። «ወንዶቹ በሌላ ቀን ይሆናላ» አለች በልቧ። ካኪ የለበሰች ጸዳለ የምትባል ወጣት ፊት ለፊት ቆማ ትጮሃለች።

«ጉድለቷን የምትደብቅ እህት አትኑር! ተነስታ በግልጽ ታውጣው!»

ማንም አልተነቃነቀም። የሺሀረግ ዙሪያዋን አየች። ፈሪ ሁላ! እነዚህ እስኪነሱማ አውቶቡሱ ያመልጠኛል፣ ብላ ተነሳች።

«የሺሀረግ እባላለሁ። ሃያ ዓመት ጠጥቻለሁ። ጉንፋን አይደለም።» የክርስትናውን ነገር ከነምድጃው ተናገረች። «ልጄ እንደ ጋን ታሸተኛለች። ደግ አደረገች። ያን ሕፃን ማቀፍ እፈልጋለሁ፣ ሌላ የምፈልገው የለኝም።»

አሚን የሚላት ጠበቀች። ጸዳለ አፏን ከፍታ ቀረች፤ እስከዚያ ቀን የሰማችው ጉድለት «ስብሰባ አረፈድኩ» ብቻ ነበር።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። የሺሀረግ ዞር ብላ ስታያት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ተሻለች! የልጇ አማት! ከሠርጉ ጀምሮ በወጥም በቀሚስም ሲበላለጡ የኖሩት፤ ሐይቅ መኖሯን እንዴት ረሳችው?

«ያን ዕለት መለኪያዋን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ተሻለች። «በቃኝ ስትል 'በልጆቻችን ሞት!' እያልኩ ሦስቴ ሞላሁት። በእንግዳ ፊት እንድትዋረድ ብዬ። ሕፃኑን ታነሳለች አላልኩም። ለምራቴም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።»

«አንቺ ጅብ!» አለች የሺሀረግ። መለስ ብላ ደግሞ፣ «መሙላቱን ሞላሽ። የዋጥኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጸዳለ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ፣ ከየትኛው ቀበሌ ነዎት? ይሄ የሴቶች ማህበር ግለ ሂስ ነው።»

«የሼህ እንድሪስ ዱአ አይደለም እንዴ? ጫማው ታዲያ ምንድነው?»

«ወለሉን ትናንት ለቅልቀነው ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸዳለም እየሳቀች እርሳሷን አነሳች። «ቃለ ጉባኤ ላይ ላስፍረው?»

«ጻፊው! እንዳልክድ።»

ተሻለች ጫማዋን አጥልቃ ክንዷን ያዘቻት። «የሼሁ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። ነይ፣ እኔ አደርስሻለሁ፤ የሞላሁት እኔ አይደለሁ?»

እዚያም ጫማ አወለቁ። ሼህ እንድሪስ ቀና ብለው፣ «ስንት ቀንሽ ነው?» አሏት።

«ገና ዛሬ።»

«አሚን!» አለ ቤቱ ሁሉ።

ዘጠኝ ሐሙስ ተመላለሰች። የአረቄ ማውጫዋን ለሰው ሰጥታ በርበሬ መቸርቸር ጀመረች፤ በርበሬ ቢቀመስ እንኳ አያሰክርም። በዘጠነኛው ተሻለች አብራት ውጫሌ መጣች፣ የመለኪያውንም ነገር ለምራቷ ነገረች። ተሾመች አማቷን ክፉኛ ገላመጠቻት፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እፍ በዪ።»

የሺሀረግ የልጇ ሻሽ እስኪነሳ እፍ አለች። ተሾመች አንዴ አሸተተች፣ ደገመች፤ ሕፃኑንም አምጥታ ሰጠቻት።

አሁን እስክስታ የለም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተቀበለችው። አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«አንተስ? እፍ በል እስቲ!»

ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ ደረቷ ላይ መለሰው።

«ይሄኛው ጠጥቷል» አለች የሺሀረግ፤ ግን አላስቀመጠችውም።