ጨዋ ልጅ

ኢሽራቅ ከምርመራ አልጋው ሥር ገብታ ጎማውን ታሽከረክራለች። ሲቆም መልሳ ትገፋዋለች። ዶክተር ሥርጉት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስሟን ጠራች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የአምስት ዓመቷ ልጅ ዞር አላለችም። ውጭ ወደ መናኸሪያው የሚታጠፍ ከባድ መኪና ጡሩንባውን ሲነፋ ግን ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች።

"አትሰማም እንዳልል ትሰማለች" አለች እናቷ ሰዓደት። "የአባቷን መኪና ከሌላው ትለየዋለች፣ ወላሂ። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ገና ታች ሲያቆም ሄዳ በሩ ላይ ትቆማለች።"

ሥርጉት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ጠረጴዛዋ ላይ የኢሽራቅ ካርድ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ የራሷ ሰማያዊ ክላሰር። ክላሰሩ ውስጥ ያለው ለፌሎሺፕ ያስገባችው ማመልከቻ ነው። በሕፃናት ዕድገትና ባሕርይ ሕክምና ላይ የሁለት ዓመት ሥልጠና ሊጀመር ነው። ቦታው ለሁለት ሐኪሞች ብቻ ሲሆን ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት አምስት ናቸው። የእሷ ተራ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

"ምን ልርዳሽ፣ ሰዓደት?"

"ደብዳቤ ይጻፉልኝ፣ ዶክተር። ለያህያ።" ያህያ ባሏ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር። "ሐሙስ ይወጣል። በዚያው ኢሽራቅን ኮምቦልቻ እናቱ ዘንድ ሊያወርዳት ነው። 'ቴሌቪዥን ከፍተሽ ዘግተሽባት ነው እንጂ ልጄ ምንም የላትም፤ ከልጆች ጋር ስትውል አፏን ትፈታለች' ይላል። ሳሪስ ያለው የኦቲዝም ማዕከል ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሊቀበላት ነው። ስምንት ወር የጠበቅነው ቦታ! ሰኞ ከቀረች ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።"

"ኦቲዝም በቴሌቪዥን አይመጣም። አንቺም አላመጣሽባትም። ይህን ቁልጭ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።"

"እሱን ሲሰማ ሌላ ያመጣል። 'ታዲያ በጊዜ ለምን አላሳየሻትም?' ይለኛል። እዚህ ጋ አፌ ይያዛል።" ሰዓደት የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች። "አሳይቻታለሁ እኮ። እርስዎ ጠብቂ አሉኝ፤ እኔ ጅሏ አብዝቼ ጠበቅኩ።"

በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። የትኛው ታክሲ እንዳመጣት የምትናገር ትመስል ነበር። ሥርጉት ሴትየዋ ያን ቀን ረስታው ይሆናል ብላ ለወራት ስትመኝ ነው የከረመችው።

ካርዱን ገለጠችው። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በችኮላ። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር። አትናገርም። ዓይን አፋር ናት። ዕድገቷ ደህና ነው።

ያን ቀን በረንዳው ላይ ከአርባ በላይ ልጅ ተሰልፎ ነበር። ኢሽራቅ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ሥርጉትን ቀና ብላ አላየቻትም። ሲስተር አሰለፈች መርፌ ስታዘጋጅ ዞር ብላ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! የዘንድሮ ልጅ ዓይን ዓይንህን ነው የሚያይህ" አለች። ሥርጉት ፈገግ አለች። እሷንም በልጅነቷ እንግዳ ፊት አንገቷን ስትደፋ ጨዋ እያሉ ከረሜላ ይሰጧት ነበር። "እኔም እስከ ሦስት ዓመቴ አልተናገርኩም ይሉኛል፤ ጠብቂ" አለቻት እናቲቱን። የልጅቷን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ብትጠራት ኖሮ እንደማትዞር ታይ ነበር።

ማመልከቻዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ ኢሽራቅ አለች፤ ስሟ ግን የለም። "አንድ ሐኪም ዓይን አፋር ናት ብሎ የመለሳት ልጅ" ትላለች ሥርጉት፣ ሥልጠናው ለምን እንደሚያስፈልግ ስታስረዳ። ሐኪሙን ወንድ አድርጋዋለች። ማመልከቻውን ያነበበ ባልደረባዋ ልቡን የነካው ይህ ቦታ እንደሆነ ነግሯት ነበር፤ እሷም ሐኪሙ ራሷ መሆኗን ሳትነግረው አመሰገነችው።

ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት።

"...ሕመሙ በእናቷ አያያዝ የመጣ አይደለም። ክትትሉን አሁን ማቋረጥ ይጎዳታል። እናቷ ወይዘሮ ሰዓደት ልጇን በሁለት ዓመት ከስድስት ወሯ ወደ ክሊኒካችን አምጥታት ነበር። ያኔ በሚገባ ሳልመረምር ደህና ናት ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።"

ሰዓደት ጣቷን የወረቀቱ መጨረሻ መስመር ላይ አሳረፈች።

"ያህያ ቁጡ ነው፣ ዶክተር። እዚህ ድረስ ቢመጣብዎትስ?"

"ይምጣ። ካርዱን አሳየዋለሁ።"

"ያኔ እንዲህ ወለል ላይ ወርደው ቢጠሯት ኖሮ..." አለች ሰዓደት። ጎንበስ ብላ ኢሽራቅን ከአልጋው ሥር ትስብ ጀመር። ለሥርጉት ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ አነሰባት፤ ቢሆንም "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። ሰዓደት ራሷን ብቻ ነቀነቀችላት፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየም።

ማኅተሙ ያለው ሲስተር አሰለፈች ዘንድ ነው። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ደብዳቤውን እስከ ታች አነበበችና ማኅተሙን መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

"ማነው ይህን ጻፊ ያለሽ?"

"ማንም።"

"ልጄ፣ በአፍሽ ይቅርታ በዪና ይብቃሽ። አፍ የተናገረው ይረሳል፤ ወረቀት ነገ ችሎት ፊት ይቆማል። ደግሞ ዛሬ የፈተና ቀንሽ ነው! ደግሞስ ጨዋ ናት ያልኩት እኔ አይደለሁ? እኔንም ልትጽፊኝ ነው?"

"አይ፣ ሲስተር። እርስዎ መርፌ እያዘጋጁ ነበር። የምመረምረው እኔ ነበርኩ።"

ሲስተር አሰለፈች ከመነጽሯ በላይ አየቻት። ሥርጉት ዓይኗን ሰበር ልታደርግ ነበር፤ አላደረገችም። አሮጊቷ ነርስ ተነፈሰችና መሳቢያውን ሳበች። ማኅተሙን ሁለቴ እፍ ብላበት አሳረፈችው።

ሰዓደት ደብዳቤውን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። በአንድ እጇ ኢሽራቅን ይዛ፣ ልጅቷ በጣቶቿ ግድግዳውን እየነካች፣ በረንዳው ላይ በተሰለፉት እናቶች መካከል አልፈው ወጡ።

"ቅጂ አስቀርቻለሁ፤ ሁለት" አለች ሲስተር፣ ከኮፒ ማሽኑ ትኩስ ወረቀቶች አንሥታ እየሰጠቻት። "ሁለት ነው ያልሽኝ። አንዱ ለካርዱ ነው፣ ገባኝ። ሌላው ለማን ነው?"

ሥርጉት ሰማያዊውን ክላሰር ከፈተች። ቅጂውን በማመልከቻዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ፈታኞቹ ሲገልጡ ቀድመው እንዲያዩት አድርጋ አስገባችው። ከዚያ ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለችና ወደ ቃለ መጠይቁ የሚወስዳት ባቡር ሳያመልጣት ወጣች።