ሃያ ሰባት ቶን

ቢላ ቀጥቃጩ ዴልበርት ሃክለር ሰው የሚንቀው በደረጃ ነበር። ከሁሉ በታች ቢላ ከሱቅ የሚገዙት አሉ፤ እነሱን ከነመፈጠራቸውም አያስታውሳቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ዝርግ ብረት ገዝተው በሞረድ ቅርጽ እያወጡ «ቢላ ሠራሁ» የሚሉት ይመጣሉ፤ እነዚህን በስም ያውቃቸዋል፣ ሰላም ግን አይላቸውም። ከማንም አብልጦ ሲንቀው የሚጣፍጠው ግን ጎረቤቱ ፕሬስተን ነበር።

ፕሬስተን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ወደ አርካንሳስ ኮረብታ መጥቶ ከዴልበርት አጥር ጥግ ቤት ሠራ። ምድጃ ሳይኖረው የቆዳ ሽርጥ ገዛ። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ብረት ሲያግል ዴልበርት አጥሩን ተደግፎ አይቶታል። ጥርስ ነቃዩ የጋለውን ብረት አውጥቶ ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋደመው፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ ከዚያ የት እንደሚመታው ያስብ ጀመር።

«ዶክተር፣ መርፌው እስኪይዘው ነው እንዴ የምትጠብቀው?» አለው ዴልበርት። «የጋለ ብረት ቀጠሮ አያውቅም። መስፉ ላይ ባስተኛኸው ቁጥር ሙቀቱን ይጠጣብሃል። ቶሎ ንካ፣ ቶሎ ልቀቅ። ካቃተህ ወደ ድድህ ተመለስ።»

ፕሬስተን አመስግኖ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና ጻፈው። ዴልበርት ይህን ለሚስቱ ለናዲን ሲያወራ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። ስድቡን በደብተር የሚመዘግብ ሰው አይቶ አያውቅማ።

ዘንድሮ ግን የዴልበርት ቀኝ ትከሻ አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ መስከረም ላይ ቀዶ ሊጠግነው ቀጠረውና፣ ከዚያ በኋላ መዶሻ የሚባል ነገር እንዲረሳ ነገረው። ዴልበርት ደግሞ ገና ያልጨረሰው ነገር ነበረው። የአንጥረኞቹን ማኅበር ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ እሱ እንደሚለው ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የቢላው ሳይሆን እንዲቆርጥ የሚሰጡት የገመዱ ነበር። የሚያልፍ ሰው በሚሠራው ቢላ ሁሉ ላይ ከስሙ ጎን የማኅበሩን ምልክት መምታት ይፈቀድለታል። ዴልበርት ያቺን ምልክት በገዛ እጁ ሳይመታት ትከሻውን ለሐኪም አሳልፎ መስጠት አልፈለገም። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ በዚያ ትከሻ ደግሞ ያለ ማሽን እርዳታ አንድ ወፍራም ብረት እንኳ ቀጥቅጦ አያሳሳም።

ወሬው በአጥሩ አልፎ ፕሬስተን ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ መጣ።

«የኔን ፕሬስ፣ ብረት መጭመቂያውን ማሽን፣ ለምን አትጠቀምም? በሩ ክፍት ነው።»

«የተገዛውን?»

«አዎ፣ የተገዛውን።»

«አመሰግናለሁ ዶክተር። እኔ የሰው ጥርስ ተውሼ አላኝክም» አለና ጀርባውን ሰጠው።

ስለዚህ የራሱን ሊሠራ ተነሣ። መጀመሪያ ያሰበው በሞተር የሚመታ መዶሻ ነበር፤ የሚሽከረከር አሮጌ የመኪና ጎማ እያነሣ የሚጥለው፣ እዚያ አገር ብዙ ሰው በጓሮው የሚበይደው ዓይነት። እሱ ግን ጥልቅ የሲሚንቶ መሠረት ይፈልጋል፤ ዴልበርት የሚሠራበት ጋጣ ደግሞ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ከጣውላው ሥር ቋጥኝ። እንግዲያው ፕሬስ ይሁን አለና ዓይኑን በግቢው ሲያዞር፣ የናዲን እንጨት መፍለጫ ማሽን ላይ አረፈ።

መፍለጫውን ናዲን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ቤታቸው ክረምቱን ሁሉ የሚሞቀው በእንጨት ነው፤ ዘይት የምትቀይርለትም፣ በዝናብ የምትሸፍነውም እሷ ነች።

«በምን ልትፈልጥልኝ ነው?» አለችው።

«ሰኔ ላይ እመልሰዋለሁ።»

«መፍለጫ ነው እኮ፣ ዴልበርት። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እንጨት ስለማይሮጥ።»

«ሃያ ሰባት ቶን ነው የሚጫነው! የጥርስ ነቃዩ መጫወቻ አሥራ ስድስት ነው።»

ናዲን ወደ ባቄላዋ ድስት ተመለሰች። ዴልበርት ማሽኑን አቁሞ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ ጋር በየደው፤ ከዚያው ሐዲድ ላይና ታች መንጋጋ ቆረጠለት። በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «27 ቶን» ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩ ከመንገድ ላይ ይነበባል።

የማኅበሩ ሽማግሌ ሚስተር ሃርላን በአንድ ቅዳሜ ለተጠበሰ ዓሣ ተጋብዘው መጡና ማሽኑን ዞረው አዩት። ሰኔ ላይ የሚፈትኑትም እሳቸው ናቸው።

«ፍጥነቱስ?» አሉ።

«ሃያ ሰባት ቶን ነው፣ ሚስተር ሃርላን።»

«እሱን አነበብኩት። ወርዶ፣ ጨምቆ፣ እስኪለቅ ድረስ ስንት ትቆጥራለህ?»

«ዘጠኝ፤ ቢበዛ አሥር። ምን የሚያስቸኩል አለብኝ?»

ሃርላን ዓሣቸውን በሉ። የብረት ሙቀትን ነገር ለዴልበርት ማስረዳት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ በልባቸውም «ይሞክረው» ሳይሉ አልቀሩም።

ዴልበርት ከጭነት መኪና ባሌስትራ የቆረጠውን ብረት አግሎ መንጋጋዎቹ መሀል አስገባ። ላይኛው መንጋጋ እያቃሰተ ወረደ። ብረቱ ሲገባ ብርቱካን ይመስል ነበር፤ በቀዝቃዛው ሐዲድ ተጨምቆ ሲወጣ ጫፉ አመድማ ቀይ ሆኗል። ሌላ አንጥረኛ ቢሆን ወደ እሳቱ ይመልሰዋል። ዴልበርት ግን ማሽኑ የጠቆረውን ብረት እንኳ ሳይንገራገጭ መጭመቁን አይቶ ልቡ አበጠ፤ ደገመው፤ ሠለሰው። አንዴ ከብረቱ ውስጥ ጭረት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ተሰማው። ሐዲዱ ነው አለና ቀጠለ።

በፈተናው ቀን በሃርላን ግቢ በትልቁ ዛፍ ሥር ሃያ ሰው የሚሆን ተሰብስቧል። ተፈታኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዴልበርትና ፕሬስተን። ፕሬስተን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። ዴልበርት ሸሚዙን አይቶ ብቻ ፈተናውን ያለፈ መሰለው።

ተንጠልጥሎ የታሰረ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ ነበር የመጀመሪያው፤ ሁለቱም ቆረጡ። ቀጥሎ ጠንካራ ጣውላ ሁለት ጊዜ ከትክቶ መጣል፤ ጣሉ። ከዚያ በዚያው ስለት የክንድን ጠጉር መላጨት። ዴልበርት ክንዱን እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለሰና ለተመልካቹ ሁሉ አዙሮ አሳየ። የቀረው መጨረሻው ነው፦ ቢላውን በሞርሳ አስሮ ዘጠና ዲግሪ ማጠፍ። መታጠፍ አለበት፤ መሰበር የለበትም።

ዴልበርት ቢላውን አሰረና በረጅም ቧንቧ ያዘው። ግራ እጁ ነው የሚገፋው። ሠላሳ ዲግሪ ያህል ሄደ፤ ከዚያ እንደ ደረቅ ማገዶ ቀጭ አለና ግማሹ ቢላ ሣሩ ውስጥ ወደቀ።

ሃርላን ጎንበስ ብለው ስባሪውን አነሡና በአውራ ጣታቸው አገላበጡት። ስብራቱ ግራጫ ነው፤ በግራጫው መሀል ግን ጥፍር የሚያህል ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት።

«ይሄ ጥቁሩ ዛሬ የተሰነጠቀ አይደለም» አሉ። «እሳት የገባበት ነው። ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ ጨምቀኸው፣ ውስጥ ውስጡን ሰንጥቀኸዋል። ነሐሴ መጨረሻ ሌላ ፈተና አለኝ። በዚያ መፍለጫ የተሠራ ቢላ ግን ይዘህብኝ እንዳትመጣ።»

የፕሬስተን ተራ ደረሰ። ቢላው ዘጠና ዲግሪ ታጠፈ። ስለቱ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል ተሰነጠቀ፤ ያ ይፈቀዳል። ሃርላን እጁን ጨበጡት።

«ያንተ ፕሬስ አሥራ ስድስት ቶን ነው አሉ። ከእሱ የሚበልጥ ሞልቶ የለም? በምን መረጥከው?»

ፕሬስተን ከደረት ኪሱ ያችን ደብተር አወጣ። ሰውዬው ውስጡ ምንም ተንኮል የለበትም፤ ዴልበርትን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

«በፍጥነቱ ነው» አለ። «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ዴልበርት ነው የነገረኝ። ‹የጋለ ብረት ቀጠሮ አያውቅም። ቶሎ ንካ፣ ቶሎ ልቀቅ።› ስገዛ ሻጩን ስንት ቶን እንደሚጫን አልጠየቅኩትም። በስንት ሰከንድ እንደሚለቅ ብቻ ነው የጠየቅኩት።» ገጹን ገለጥ አድርጎ አየና «ስለ ድድም የሚል አለ» ብሎ ዘጋው።

ያኔ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዴልበርት ሃክለር በሕይወቱ በሰው ሲስቅ እንጂ ሲሳቅበት አያውቅም ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ። የሚመልሰው ስድብ ፈለገ፤ ያለው ስድብ ሁሉ ግን ለካ ደብተሩ ውስጥ ነው። የተሰበረውን ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤቱ ሲደርስ ናዲን ጨርቁን አይታ ገባት። በሳምንቱ ብየዳውን ቆርጦ ሐዲዱን አነሣና ማሽኑን እንደ ድሮው አጋደመላት። ናዲን አንድ የባሉጥ ግንድ አስገባችበት። ማሽኑ እያቃሰተ፣ እየተንፏቀቀ ሄዶ ግንዱን ለሁለት ከፈለው።

«ስንት ቆጠርክ?» አለችው።

«ዘጠኝ።»

«ጥሩ ነው። አባቴ ሲገዛው ለዚህ ብሎ ነው።»

ከአጥሩ ማዶ የፕሬስተን ማሽን ይሰማል፤ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ዴልበርት የእንጨቱን ስንጣሪ ከእጁ እያራገፈ አዳመጠው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስምንት ሳምንት ቀርቷል፤ እስከ ሐኪሙ ቢላ አሥር። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ብረትን ከእሱ የተሻለ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነው፤ ዛሬም ይንቀዋል። የቆዳ ሽርጡን ይንቃል፣ መነጽሩን ይንቃል፣ ከሁሉ ይልቅ ያንን ደግነቱን ይንቃል። ቢሆንም ትከሻው ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ነው ያደረው።

የተረፈውን የባሌስትራ ቁራጭ ከራሱ ጋጣ አወጣና በብብቱ ሸጎጠው። ወደ ፕሬስተን ወደሚያሻግረው የአጥር በር ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ለናዲን ጀርባውን ሰጥቶ ምን ብሎ እንደሚገባ ያስብ ጀመር።

ናዲን ሌላ ግንድ እያስገባች፣ ቀና ሳትል፣ «ዴልበርት» አለችው።

«እ?»

«ደብተር ያዝ።»