ዓሦቹን ብርድ እንዳይመታቸው

አማቴ እማማ አማከለች ከመካኒሳ አቦ ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ሊጠይቁን መጡ። ገና ሳይቀመጡ ነው ጸቡ የተጀመረው።

«ኢያቄም! ምን ነካህ? እነዚህን ፍጥረቶች በብርድ ልትፈጃቸው ነው?»

ፍጥረቶቹ ሎች የሚባሉ ዓሦቼ ናቸው፤ ጣት የማያክሉ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ልጥፍ ብለው የሚውሉ። አገራቸው ቀዝቃዛ ወራጅ ወንዝ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ይከፈታል፣ ቬንትሌተሩ አኳሪየሙ አናት ላይ ይነፍሳል፣ ፓምፑ ውሃውን ያንፎለፉላል። ውሃው ከሞቀ አየር አጥሯቸው ያልቃሉ። እንደ ልጅ ያሳደግኳቸው ናቸው፤ ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ማን ሰምቶኝ!

«ነፋስ ነፋስ ነው» አሉና መስኮቱን ጥርቅም አደረጉት።

እከፍታለሁ፣ ይዘጋሉ። ቬንትሌተሩን አበራለሁ፣ ያጠፋሉ። ሚስቴ ቤተልሄም ከእናቷም ከእኔም ላለመጣላት ስልኳ ውስጥ ተደብቃለች።

በማግስቱ ሱቅ ደርሼ ብመለስ አኳሪየሙ ጋቢ ለብሷል! መስኮቱ ዝግ ነው፤ የቬንትሌተሩም የፓምፑም ገመድ ተነቅሏል።

«ሲንቀጠቀጡ አይቼ አንጀቴ አልችል አለኝ» አሉ እማማ። «ውሃውንም ትንሽ ለብ አድርጌላቸዋለሁ።»

ለብ! ጋቢውን ገፈፍኩት። ዓሦቼ ድንጋዩን ለቀው፣ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው ይቃትታሉ። ንዴቱ ቀርቶ እንባዬ መጣ።

«ሊሞቱብኝ ነው!» ብዬ ፓምፑን ልሰካ ስል መብራቱም ቀን ጠብቆ ድርግም አለ።

እማማ ደነገጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ጣሳ አነሱ። ለሕፃን ሻይ እንደሚያቀዘቅዙት ሁሉ፣ ውሃውን እየጨለፉ ከላይ ወደ ታች ያንቆረቁሩት ጀመር።

«ምን ያነፋርቅሃል? መስኮቱን ክፈት!»

ከፈትኩ። እሳቸው በጣሳ፣ እኔ ከጎን በሰፌድ ሳራግብ ላብ በላብ ሆንን። «የኔ ጌቶች፣ በእኔ ጦስ አትሙቱብኝ» እያሉ ይለምኗቸዋል። ክንዳቸው ዝሎም አላቆሙም።

በመጨረሻ አንዱ ሎች ወርዶ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። እማማ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ጉልበታቸውን ሳምኩ።

በነጋታው ጉንፋን ጣለኝ። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ያስነጥሰኛል። ሶፋው ላይ ተጠቅልዬ ለመንኳቸው።

«እማማ፣ እባክዎ መስኮቱን ይዝጉልኝ። ብርድ መትቶኛል።»

እማማ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው አኳሪየሙ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዞር ብለውም አላዩኝ።

«ብርድ ከፈራህ መኝታ ቤት ግባ» አሉኝ። «ላንተ ሲባል ልጆቹ ይታፈኑ እንዴ?»